ኮከብን የሚያርገበግበው ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በቺሊ አታካማ በረሃ፣ በሴሮ ፓራናል ተራራ ላይ ከተተከለ ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ የተላኩ አራት ቢጫ የሌዘር ጨረሮችን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አትመን ነበር። ከሥሩ ያሰፈርነው መግለጫ አንድ መስመር ብቻ ስለነበረ፣ «ይህ ብርሃን ምን ይሠራል?» የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነዚህና በዚሁ ጉዳይ ላይ ከመጡት ሌሎች ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መሠረት በመሆኑ መልሱ ረዘም ብሏል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ «የቴሌስኮፕ መስተዋት በሰፋ መጠን ምስሉ ይበልጥ ይጠራል» ብዬ አስተምራለሁ። በቅርቡ ግን መሬት ላይ የተተከሉ ትልልቅ ቴሌስኮፖች በከባቢ አየር ምክንያት ከትንንሾቹ የተሻለ ዝርዝር ማሳየት እንደማይችሉ፣ ችግሩም «አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ» በሚባል ዘዴ እንደሚፈታ አነበብኩ። ይህንኑ በክፍል ውስጥ ሳነሣ አንድ ተማሪ «ታዲያ ምስሉን የሠራው ኮምፒውተር ነው፤ እውነተኛ ፎቶግራፍ አይደለም ማለት ነው» አለኝ። አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትምና ብታብራሩልኝ።
(መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ያስተማሩት ሕግ ስሕተት የለበትም፤ የጎደለው «አየር በሌለበት» የሚለው ሐረግ ብቻ ነው። የተማሪዎም ጥርጣሬ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን አየሩ የሚያደርሰውን ጉዳት እንመልከት።

በመንገድ ዳር በቆሎ የሚጠበስበትን የከሰል ምድጃ ያስቡ። ከፍሙ በላይ አሻግረው የሚያልፈውን ሰው ሲመለከቱ፣ ፊቱ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ሲወዛወዝ ይታይዎታል። ከፍሙ የሚነሣው ሞቃት አየር ሳሳ ያለ፣ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ጠቅጠቅ ያለ በመሆኑ ብርሃን በሁለቱ ውስጥ በእኩል ፍጥነት አይጓዝም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገርም ይታጠፋል። ከራሳችን በላይ ያለው ከባቢ አየርም እንደዚሁ ሙቀታቸው በጥቂቱ የሚለያይና ነፋስ የሚነዳቸው ትልልቅና ትንንሽ የአየር ክፍሎች ድብልቅ ነው። የሙቀቱ ልዩነት ከአንድ ዲግሪ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር የብዙ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ስለሆነ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል።

ከፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲ ማዕከል የተነሣ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ26,000 ዓመት በላይ ይጓዛል። ከአንድ ኮከብ የመጣው የብርሃን ሞገድ ከዚያ ርቀት ሲደርስ ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ከምድር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ግን የሚናወጠው አየር ውስጥ ይገባል። ይህችን የቀረችውን መንገድ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ 15,000ኛ ክፍል ገደማ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚደርሰውም በዚያች ቅጽበት ነው። ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ ሩቅ አገር ድረስ በጥንቃቄ የተጓዘ ነጠላ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እንደ መጨማደድ ያለ ነው።

ጭምድዱ ደግሞ የራሱ ልክ አለው። በጥሩ የምልከታ ስፍራ፣ ዓይናችን በሚያየው ብርሃን፣ ሞገዱ ሳይጨማደድ የሚገኝበት ስፋት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እርስዎ ያነበቡት ነገር መነሻው ይህ ነው። የመስተዋቱ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም 10 ሜትር ቢሆንም፣ ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ የሚነሣው ምስል ጥራት በአየሩ ይወሰናል። ትልቁ መስተዋት ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ ደብዛዛ የሆኑትን ከዋክብት ያሳያል፤ ዝርዝራቸውን ግን አያሳይም። በቁጥር ለመግለጽ፣ አየሩ የሚያደበዝዘው ኮከብ ብዙውን ጊዜ 1 የማዕዘን ሰከንድ ያህል ስፋት ይኖረዋል፤ ይህም የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ሲሆን፣ የአንድ ብር ሳንቲም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ የሚኖረው ስፋት ነው። በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ የሚገኘው ባለ 10 ሜትሩ የኬክ ቴሌስኮፕ (ስሙ ከጣፋጩ ጋር ቢገጥምም የሰው ስም ነው) አየሩ ባይኖር ኖሮ በታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው) ብርሃን እስከ 0.05 የማዕዘን ሰከንድ ድረስ ለይቶ ማየት ይችላል። ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በብዙ ገንዘብ ሠርቶ ከጓሮ ቴሌስኮፕ ያልተሻለ ጥራት ማግኘት ባለሙያዎቹን ለረጅም ዘመን ሲያንገበግብ የኖረ ነገር ነው።

ይህን ችግር ኒውተንም ያውቀው ነበር። ከዋክብትን የምናይበት አየር ያለማቋረጥ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ያለው መድኃኒትም ምናልባት ከከፍተኛ ተራሮች አናት ላይ የሚገኝ ጸጥ ያለ አየር ብቻ እንደሆነ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጽፏል። ሌላ መድኃኒት ያሰበው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ሆራስ ባብኮክ ነው። ባብኮክ በ1953 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሞገዱን ጭምድድ በየቅጽበቱ ለክቶ፣ ያንኑ ጭምድድ በተቃራኒ አቅጣጫ በመስተዋት ላይ ማበጀት ይቻላል አለ። መስተዋቱን በስስ የዘይት ንጣፍ ሸፍኖ የዘይቱን ቅርጽ በኤሌክትሮን ጨረር ለመለወጥ ነበር ያሰበው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በዘመኑ ግን ለዚህ የሚበቃ ፈጣን ኮምፒውተርም ሆነ በቂ ስሜት ያለው የብርሃን መቀበያ አልነበረም።

ዛሬ «አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ» የሚባለው ይኸው ሐሳብ የሚሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው። ከቴሌስኮፑ የመጣው ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ምስሉን ወደሚያነሣው ካሜራ፣ ሌላው ወደ መለኪያው ይሄዳል። በመለኪያው ፊት በረድፍ የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ሌንሶች አሉ፤ እያንዳንዱ ሌንስ የመስተዋቱን አንዲት ቁራጭ ብርሃን ተቀብሎ አንዲት ነጥብ ይሠራል። ሞገዱ ለጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ እንደ ጠዋት ሰልፍ ተማሪዎች ቀጥ ብለው ይሰለፉ ነበር። ሞገዱ ሲጨማደድ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ከቦታዋ ፈቀቅ ትላለች፤ ምን ያህልና ወዴት ፈቀቅ እንዳለች ከታወቀ፣ ሞገዱ በዚያች ቁራጭ ላይ ምን ያህልና ወዴት እንዳዘነበለ ታወቀ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ እነዚህን ዝንባሌዎች አጋጥሞ የጭምድዱን ሙሉ ቅርጽ ያሰላና ቅርጹን ለሚለዋውጠው መስተዋት ትእዛዝ ይሰጣል።

ይህ መስተዋት የሥራው ሁሉ እንብርት ነው። በፓራናል ከሚገኙት አራት ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፖች በአንደኛው ላይ በ2016 የተገጠመው ሁለተኛ መስተዋት ስፋቱ 1.12 ሜትር፣ ውፍረቱ ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጀርባው ላይ 1,170 ጥቃቅን ማግኔቶች ተለጥፈዋል፤ በእነዚህ አማካይነት ስሱ ብርጭቆ በሰከንድ እስከ 1,000 ጊዜ ድረስ ቅርጹን ይለውጣል። እንቅስቃሴው በማይክሮሜትር የሚለካ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙ ጊዜ የሚያንስ ነው። ለተማሪዎችዎ ጥሩ ልምምድ የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። መስተዋቱ የሚጎብጠው የሞገዱን ስሕተት ያህል ሳይሆን የግማሹን ያህል ነው። ብርሃን ወደ መስተዋቱ ሄዶ ስለሚመለስ የመንገዱ ለውጥ እጥፍ ይሆናልና። መለኪያውም የሚቀመጠው ከዚህ መስተዋት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው የሚለካው ከእርማቱ የተረፈውን ስሕተት ነው፤ የተረፈውን ያርማል፣ እንደገና ይለካል።

አሁን ወደ ተማሪዎ ጥርጣሬ እንመለስ። ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ በኮምፒውተር ማስዋብ አንድ ነገር ነው፤ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ግን ብርሃኑ ካሜራው ላይ ከማረፉ በፊት የሚደረግ እርማት ነው። ኮምፒውተሩ የሚመራመሩበትን ጋላክሲ ወይም ፕላኔት አይቶ «እንዲህ መምሰል አለበት» ብሎ አይፈርድም። የሚያየው በአቅራቢያው ያለውን አንድ ኮከብ ብቻ ነው፤ ኮከብ ደግሞ ከርቀቱ የተነሣ ነጥብ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ያ ነጥብ ተበትኖ ከታየ መበተኑ የአየሩ ሥራ ነው። ይህ ዋቢ ኮከብ አየሩን የሚያጋልጥ ምስክር ነው ማለት ይቻላል፤ በምስክሩ ቃል መሠረት ሰማዩ ሲታረም በጎኑ ያለው፣ ምን እንደሚመስል የማናውቀው አካልም አብሮ ይታረማል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ማረጋገጫ የምንለው በጋላክሲያችን ማዕከል የተደረገው ምልከታ ነው። በአንድሪያ ጌዝ የሚመራው ቡድን ከሃዋይ በኬክ፣ በራይንሃርድ ጌንዘል የሚመራው ቡድን ከቺሊ፣ በማዕከሉ ዙሪያ የሚሽከረከሩትን ከዋክብት ለዓመታት ተከታትለዋል። በ1990ዎቹ ሥራውን የጀመሩት እጅግ አጫጭር ፎቶግራፎችን እያነሡ በመደራረብ ነበር፤ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ሲደርስላቸው ግን ቀድሞ በጭጋግ ውስጥ የነበሩት ከዋክብት ተለያይተው ታዩ። ኤስ2 የሚባለው ኮከብ ምህዋሩን በ16 ዓመት ገደማ ይጨርሳል፤ በግንቦት 2018 ወደ ማዕከሉ እጅግ ሲጠጋ ፍጥነቱ በሰከንድ 7,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚህ ምህዋር በመነሣት በማዕከሉ የፀሐይን 4 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ክብደት ያለው፣ በዓይን የማይታይ አካል መኖሩ ታወቀ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶችም በ2020 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር ተካፈሉ። በተለያዩ ቴሌስኮፖች፣ በተለያዩ መሣሪያዎችና በተለያየ ሰማይ ሥር የሠሩ ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች የአንድን ኮከብ አንድ ዓይነት መንገድ ካገኙ፣ ምስሉን ኮምፒውተር ፈጠረው የሚለው ክስ የሚቆምበት እግር ያለው አይመስለንም።

ይህን ስንል እርማቱ ፍጹም ነው ማለታችን አይደለም። ያልታረመው ብርሃን በኮከቡ ዙሪያ እንደ ቀጭን ጭጋግ ይቀራል፤ ደብዛዛ ፕላኔትን በኮከብ አጠገብ የሚፈልግ ተመራማሪ ዋና ራስ ምታቱ ይኸው ነው። ሥራው በታህተ ቀይ ብርሃን ይቀላል። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ያው የአየር ስሕተት ከሞገዱ ርዝመት አንጻር ትንሽ ይሆናል፤ ዓይን በሚያየው ብርሃን 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው ያልተጨማደደ ስፋት በ2.2 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል።

ጥያቄ፦ በፎቶግራፉ ላይ ያየኋቸው ሌዘሮች ለምን ቢጫ ሆኑ? ለምንስ አስፈለጉ? በዚያ በኩል ለሚያልፍ አውሮፕላንስ አደጋ የላቸውም?
(አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከላይ የጠቀስነው ዋቢ ኮከብ ደማቅ መሆን አለበት፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲለካ በእያንዳንዱ ጊዜ በቂ ብርሃን ያስፈልጋልና። ከሚታየው አካልም ከጥቂት አሥር የማዕዘን ሰከንዶች በላይ መራቅ የለበትም፤ ከራቀ ብርሃኑ የሚያልፈው በሌላ አየር ውስጥ ስለሚሆን ምስክርነቱ ዋጋ ያጣል። እንዲህ ያለ ኮከብ በአብዛኛው የሰማይ ክፍል አይገኝም። ምስክር ከጠፋ ደግሞ መፍጠር ግድ ይሆናል፤ ሌዘሩ የሚሠራው ይህን ነው።

ከምድር በላይ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጠፈር የሚወርዱ ጥቃቅን የተወርዋሪ አለቶች ሲቃጠሉ ትተውት የሚያልፉት የሶዲየም ንጣፍ አለ። ጨው ፍም ላይ ሲበተን ነበልባሉ ለቅጽበት ቢጫ እንደሚሆን ያስተዋለ ሰው የሶዲየምን ቀለም አይቷል፤ የድሮዎቹ ቢጫ የመንገድ መብራቶችም ብርሃናቸው የዚሁ ንጥረ ነገር ነበር። ሌዘሩ በትክክል ወደዚህ ቀለም፣ ማለትም ወደ 589 ናኖሜትር ሲስተካከል፣ እዚያ ላይ ያሉትን የሶዲየም አተሞች ያነቃቃቸዋል፤ እነርሱም ብርሃኑን መልሰው ይረጩታል፤ ከታች ለሚያየው ቴሌስኮፕ በፈለገው ቦታ ላይ የተተከለ ሰው ሠራሽ ኮከብ ይሆንለታል። በፓራናል ያሉት አራቱ ጨረሮች እያንዳንዳቸው 22 ዋት ኃይል አላቸው። አራት የሆኑበት ምክንያት፣ አንድ ሰው ሠራሽ ኮከብ በ90 ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ ስለሚገኝ ብርሃኑ እንደ ሾጣጣ እየጠበበ በመሄድ እውነተኛው የኮከብ ብርሃን የሚያቋርጠውን አየር በሙሉ ስለማይሸፍን፣ ብዙዎቹ ተጋግዘው አየሩን ከየአቅጣጫው እንዲመረምሩት ነው።

ሰው ሠራሹ ምስክር አንድ ነገር ሊናገር አይችልም። ሌዘሩ ወደ ላይ ሲወጣም ወደ ታች ሲመለስም በዚያው አየር ውስጥ ስለሚያልፍ፣ አየሩ ምስሉን በሙሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲገፋው ሲወጣ የተገፋው ሲመለስ ይጣፋል። ይህን ውዝዋዜ ለመለካት አሁንም አንድ እውነተኛ ኮከብ ያስፈልጋል፤ ደብዛዛና ራቅ ያለ ቢሆንም ግን ይበቃል።

የዚህ ሐሳብ ታሪክ የሚያስቆጭ ነገር አለው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር የሶቪየት ኅብረትን ሳተላይቶች ከምድር አጥርቶ ለማየት ሲል በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ነበር። የሶዲየሙን ሌዘር ሐሳብ ፊዚሲስቱ ዊልያም ሃፐር በ1982 አቀረበ፤ በምስጢር ተያዘ። ይህን ያላወቁት ሁለት ፈረንሳውያን፣ ሬኖ ፏና አንቷን ላቤሪ፣ በሌዘር ዋቢ ኮከብ የመፍጠርን ሐሳብ በ1985 በራሳቸው ደርሰውበት በግልጽ አሳተሙት። አውሮፓውያኑ በጥቅምት 1989 በደቡብ ፈረንሳይ በኦት ፕሮቫንስ ምልከታ ጣቢያ በ1.52 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ፣ መስተዋቱን በ19 ነጥቦች ላይ በሚገፉና በሚስቡ መሣሪያዎች፣ በሥነ ፈለክ የመጀመሪያውን ግልጽ ውጤት አስመዘገቡ። የአሜሪካው ምስጢር የተፈታው በ1991 ነው። እስከዚያው ድረስ በመሳቢያ ውስጥ ያለውን መልስ ከውጭ ያሉት ሰዎች እንደ አዲስ ሲፈልጉ ቆይተዋል፤ በእኛ አስተያየት የሥነ ፈለክ ትምህርት በዚህ ቢያንስ ጥቂት ዓመታት ከስሯል።

ስለ አውሮፕላኑ ያነሡት ሥጋት ከባለሙያዎቹም የተሰወረ አይደለም። ጨረሩ አውሮፕላን አይመታም፤ የአብራሪን ዓይን ግን ሊያጥበረብር ይችላል። ስለዚህ በኬክ ሌዘሩ በሚሠራባቸው ሌሊቶች በብርድ ውጭ ቆመው ሰማዩን የሚቃኙ፣ አውሮፕላን ሲቀርብ ሌዘሩን የሚያስዘጉ ሰዎች ይመደቡ ነበር፤ በኋላ ይህን ሥራ መሣሪያዎች እየተረከቡት መጥተዋል። በአሜሪካ ደግሞ ሌዘሩ በብርሃን ሊጎዳ የሚችል ሳተላይት ላይ እንዳያርፍ፣ የምልከታው ዕቅድ አስቀድሞ ለመንግሥት አካል ቀርቦ የተከለከሉት ደቂቃዎች ይታወቃሉ። በማውና ኬያ ላይ ቴሌስኮፖቹ ተቀራርበው ስለተተከሉ፣ የአንዱ ሌዘር በሌላው እይታ ውስጥ እንዳያልፍ የሚቆጣጠር እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያለ ሥርዓት አለ።

ጥያቄ፦ በእንጦጦ የሚገኙት ቴሌስኮፖቻችን ይህ መሣሪያ ቢገጠምላቸው የአዲስ አበባን ደመናና የከተማውን ብርሃን አልፈው ማየት ይችሉ ነበር?
(የሥነ ፈለክ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይችሉም፤ ይህን በግልጽ ማስቀመጥ ይሻላል። አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ የተጨማደደን ብርሃን ይተኩሳል እንጂ ያልደረሰን ብርሃን አያመጣም። ደመና ብርሃኑን ካስቀረው የሚታረም ነገር አይኖርም፤ የከተማው ብርሃን ደግሞ በሰማዩ ላይ የተደረበ ተጨማሪ ብርሃን በመሆኑ መስተዋት በማጉበጥ አይወገድም። ለእነዚህ ሁለቱ ያለው መፍትሔ የቦታ ምርጫ ነው፤ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ከከተማ ርቀው፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ በሆኑ ተራሮች ላይ የሚተከሉትም ለዚህ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መሆኑ ጥሩ ነው፤ ክረምቱና የከተማው ቅርበት ግን የማይካዱ ናቸው።

የእንጦጦ ሁለት ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው እያንዳንዱ 1 ሜትር ነው። በዚህ መጠን ያለ ቴሌስኮፕ ብዙ የሚጠቅምበት ሥራ የከዋክብትን የብርሃን መጠን መለዋወጥ በትዕግሥት መከታተል ነው፤ ለዚህ ደግሞ እጅግ የጠራ ምስል ግድ አይደለም። ጥራት ቢፈለግ እንኳ በመጀመሪያ የሚመጣው ቀላሉ እርማት ነው። አየሩ ከሚያደርሰው የሞገድ መዛባት በሒሳብ ሲሰላ 87 በመቶው ምስሉን በሙሉ ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዘው ዝንባሌ ነው፤ ይህን ለማረም 1,170 ማግኔት ሳይሆን በፍጥነት ማዘንበል የሚችል አንድ ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት ይበቃል።

ይሁንና ትንንሽ ቴሌስኮፖች ከዚህ ዘዴ የተገለሉ ናቸው ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ በሚገኝ የ1.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመው ሮቦ-ኤኦ የሚባለው መሣሪያ፣ ሰው ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ይሠራ ነበር። የሚጠቀምበት ሌዘር ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ስለሆነ ለአውሮፕላን የሚቆም ጠባቂ አላስፈለገውም። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ጊዜያቸው ውድ በመሆኑ ሊያደርጉት የማይችሉትን፣ የኬፕለር መንኮራኩር ፕላኔት አላቸው ብላ የጠረጠረቻቸውን ከዋክብት አንድ በአንድ እየፈተሸ በአጠገባቸው የተደበቀ ሌላ ኮከብ መኖር አለመኖሩን መርምሯል። አንድ ቀን በአገራችን እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢታሰብ፣ እኛ አርአያ አድርገን የምንመለከተው በፓራናል ያለውን ሳይሆን ይህን ነው።

ጥያቄ፦ በዓይን ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ከቴሌስኮፕ የመጣ ዘዴ ለዓይን ምርመራ እንደሚውል አንድ ሐኪም ነግሮኛል። እውነት ነው?
(ነርስ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እውነት ነው። ሐኪም በዓይን ብሌን በኩል አሻግሮ ሬቲናን (በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ) ሲመለከት፣ የሥነ ፈለክ ባለሙያው በአየሩ ምክንያት የሚገጥመው ችግር ይገጥመዋል፤ እዚህ ላይ ብርሃኑን የሚያዛቡት ኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) እና የዓይን ሌንስ ናቸው። በመነጽር የሚስተካከለው ትልቁ መዛባት ቢስተካከልም፣ ከሰው ሰው የሚለያዩ ጥቃቅን መዛባቶች ይቀራሉ፤ ስለዚህ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ያሉትን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አንድ በአንድ መለየት ለረጅም ጊዜ ከባድ ሆኖ ቆይቷል። በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ዊልያምስ የሚመራው ቡድን በ1997 አዳፕቲቭ ኦፕቲክስን ለዚህ ተጠቀመበት። አሠራሩን ከላይ ያነበቡት ነው፤ ደካማ የብርሃን ነጥብ ሬቲናው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ከዚያ ነጥብ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን በመውጫው ላይ እንዴት እንደተዛባ ይለካል፤ መስተዋቱም በዚያው ልክ ይጎብጣል። የሌዘሩ ኮከብ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን ይህኛው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛል እንጂ ሁለቱም ያው ምስክር ናቸው። በ1999 ኦስቲን ሩርዳና ዊልያምስ በዚህ ዘዴ ቀለም የምንለይባቸው ሦስቱ ዓይነት ሕዋሳት በሕያው ሰው ሬቲና ላይ እንዴት እንደተሰራጩ በካርታ አሳይተዋል። መሣሪያው በአመዛኙ በምርምር ማዕከሎች የሚገኝ ስለሆነ፣ በሚሠሩበት ክፍል በየዕለቱ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች መካከል አለማየትዎ አያስገርምም።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኮከብ ብልጭ ድርግም ሲል ፕላኔት ግን ለምን ዝም ብሎ ያበራል? ቴሌስኮፕ ከሌለኝ የአየሩን መናወጥ ማየት እችላለሁ?
(ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጎበዝ፤ ጥያቄሽ ቀላል ቢመስልም የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። ኮከብ ከርቀቱ የተነሣ አንዲት ነጥብ ስለሆነ፣ የአየሩ አንድ ማዕበል ብርሃኑን በሙሉ ወደ ዓይንሽ ሊሰበስበው ወይም ከዓይንሽ ሊያስቀረው ይችላል። ጁፒተር ግን በሰማይ ላይ 40 የማዕዘን ሰከንድ ያህል ስፋት አለው፤ አንዱ ጎኑ ሲደበዝዝ ሌላው ጎኑ ስለሚደምቅ ልዩነቱ ተቻችሎ ብርሃኑ የረጋ ይመስልሻል።

የአየሩን መናወጥ ለማየት ዓይንሽ ይበቃሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባሉ ምሽቶች፣ ከከዋክብት ሁሉ ደማቅ የሆነውን ሲሪየስን በምሥራቅ በኩል ከአድማስ ብቅ ሲል ፈልጊው። ብርሃኑ በዚያ ሰዓት የሚያቋርጠው አየር ከአናትሽ በላይ ካለው ብዙ እጥፍ ወፍራም ስለሆነ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እየተፈራረቀበት ሲርገበገብ ታይዋለሽ። ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ወደ ሰማዩ ከፍታ ሲወጣ፣ እንደገና ተመልከችው፤ ቀለሞቹ ጠፍተው መርገብገቡም ቀንሶ ታገኚዋለሽ። ካልቀነሰ፣ በዚያ ሌሊት ቴሌስኮፕ ይዘው የወጡ ሰዎች ሁሉ በምስላቸው ሲያማርሩ እንደሚያድሩ እርግጠኛ መሆን ትችያለሽ።